ከአልጋው ሥር፣ በአንተ በኩል

ኦክቶበር ሲጋመስ ቅጠሉ ወደቀ፣
እንደ አሮጌ ጥላ አጥንቱ ወለቀ።
ደብተርህን ገለጥኩ፤ እንዲህ ይላል በእርሳስ፦
«ውሃ ከዛሬ ይቁም። ግንዱ ራሱ ይውደቅ እንጂ አይቀንጠስ።»

እኔ መች ወደድኩት፣ ቭላስቲሚል፣ ይህን ጉድ!
የእባብ ቆዳ የለበሰ ዝንጉርጉር ግንድ፣
ቅጠሉ አንድ ለእናቱ፣
ሳሎን ሙሉ ስፋቱ፤
ከእኔ ይልቅ ለእሱ ስታወራ አድምጬ፣
ስንቴ እራቴን በላሁ ብቻዬን ተቀምጬ።

እጅ ግን አያርፍም።
ማሰሮውን ጋዜጣ ላይ ደፋሁት፤
አፈሩ ሲበተን በጣቴ ፈለግሁት።
ወጣ። ድንች አይሉት፣ ቀይ ሥር አይሉት፤
የጎደሬ ወገን፣ ዝርግ፣ ክብ፣ ባለ እምብርት።
ከሥሩ አንድ ቆዳ ተጣብቆ ነበር፣
የተሟጠጠ፣ የሳሳ፣ እንደ ባዶ ከረጢት።
የአምናው ነው።
እኔ ሁሌ ያው አንዱ፣ ዓመት ዓመት የሚወፍር ይመስለኝ ነበር።
ለካ በየበጋው አዲሱ ከአሮጌው ጫንቃ ላይ ይቀመጣል፣
ጠጥቶ ይጨርሰዋል፣ ቦታውን ይወስዳል።
ይህንንም ጽፈኸዋል።

በጥርስ ብሩሽህ ጠረግሁት።
(ሌላ ምን ላድርገው? ከብርጭቆህ ውስጥ እንደቆመ ነበር።)
የገና ብስኩት ዱቄት በምለካበት ሚዛን ላይ
ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ አሥር።
ከላይ የአንተ ቁጥሮች ተሰልፈዋል በተርታ፣
አርባ ግራም ብለህ ከጀመርክባት ማታ፣
የትራም ሾፌሩ በመሐረብ ጠቅልሎ ከሰጠህ።

ጫጩቶቹን፣ አተር አተር የሚያክሉ፣
በእንቁላል መያዣ ደረደርኳቸው በየክፍሉ።
ትልቁን በጫማህ ሳጥን፣ ቁጥር አርባ አራት፣
በደረቅ ጋዜጣ ጠቅልዬ እንዳይነካው እርጥበት፣
ከአልጋው ሥር፣ በአንተ በኩል፣ ገፋ አድርጌ አስተኛሁት።
«ከአሥር ዲግሪ አይውረድ፣ ከአሥራ አምስት አይለፍ።»
የመኝታ ቤቱን ማሞቂያ ዘጋሁ። ሁለት ካልሲ ደርቤ
ብርኖ በበረዶ ሲሸፈን ከእሱ ጋር ከረምኩ፣
በር የሚያንኳኳ ሰው ሳላይ።

ፌብሩዋሪ አጋማሽ ሳጥኑ ክዳኑን አነሣ።
እውነቴን ነው፤ እኔ አልነካሁትም።
አፈር የለ፣ ውሃ የለ፣ ብርሃን የለ፤
እሱ ግን እንደ ጦር ቀጥ ብሎ ወጣ።

ኩሽና አቆምኩት። በማርች ሁለተኛ ሳምንት ተከፈተ፣
የጉበት ቀለም ቀሚሱን ዘረጋ፣ ያን ማታውኑ ሸተተ።
ሽታም አልለው፤ ጥንብ ነው፣
በረዶ ሲቀልጥ ከጥሻ የተገኘ ውሻ ነው።
በማግስቱ ደረጃው ከላይ እስከ ታች ከረፋ፣
ጎረቤት አፍንጫውን ይዞ፣ ቀን ቆጥሮ፣ ገመተ፤
በሦስተኛው ቀን በሬ ተደበደበ።

ኦታካር ነው፣ ከሦስተኛ ፎቅ፣ ቁልፍ ሠሪ አስከትሎ፣
ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ አውሎ።
ከፈትኩ።
ለሞቴ ያዘጋጀው ፊቱ የሚሆንበት አጣ።
«አበባ ነው» አልኩት። «ግባ።»
ገባ። ቁልፍ ሠሪውም ገባ።
ሚላዳ ከአምስተኛ ፎቅ ሳትጠራ ወረደች።
አፍንጫችንን በፎጣ አስረን የፕለም አረቄ ጠጣን፣
ፎጣውን እያነሣን፣ እየመለስን፣ ሳቅን።
አየህ፣ ቭላስቲሚል፣
በቁሜ ያልጠየቀኝ ሁሉ፣ ስሸት መጣ።

አበባው በሳምንቱ ወደቀ። መዘንኩት፦
አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ አርባ።
መቀነስም ይጻፋል? ደብተርህ አይናገርም።
ከአንተ ቁጥር ሥር በእኔ እስክሪብቶ ጻፍኩት።

ሜይ ገባ። አፈር መልሼለታለሁ።
ከጫጩቶቹ አንዱን ቁልፍ ሠሪው በኪሱ ይዞ ሄደ።
ማጠጫው ሞልቶ ከመስኮቱ ሥር ቆሟል፤
እጄ ወደ እሱ ሲሄድ፣ ሁለት ጊዜ ያሰመርክበት መስመር ይይዘዋል፦
«ቡቃያ ሳይታይ ጠብታም እንዳይነካው።»
ጠዋት ጠዋት ጣቴን አፈሩ ላይ አሳርፋለሁ።
ደረቅ ነው።
ዛሬም ደረቅ ነው።