ስድስተኛው ቅጽ

በዓመት ሁለቴ ብቻ ነው፣ የመጻሕፍቱ ጀልባ ከፊዮርዳችን ሲደርስ፤
አንዴ ጨለማው ሊገባ ሲል፣ አንዴም በረዶው ሲፈርስ።
ጥሩንባው ሁለቴ ሲጮህ፣ የዓሣ ቢላዬን ጥዬ፣
ጓንቴን በጥርሴ አውልቄ፣ «ተራዬን ያዙልኝ» ብዬ፣
እሮጣለሁ።

ክንዴ ላይ የቀረ ቅርፊት፣ ቀዝቃዛ ብር እየመሰለ፤
እጄን ሳልታጠብ አልነካም፤ ሲቨርት ያውቃል፣ ባልዲ አለ፣
ሳሙና አለ፣ ከመሰላሉ ሥር።
«ስድስተኛው መጣ?» እለዋለሁ።
ራሱን ይነቀንቃል። «ማዶ የወሰደው ሰው አልመለሰም።»

ጉንቮር፣ ዘጠኝ ቅጽ ጻፍሽልኝ፤
አምስቱን በአንድ ክረምት ዋጥኋቸው፣ እንቅልፍ እንኳ አልወሰደኝ።
ሌሎች ደራሲዎችም አሉኝ፤ አልክድሽም፤
አንዱ መርማሪ ያዞራል፣ በየቅጹ ሬሳ ያስቆጥራል፤
አንዷ ነገሥታት ታጋድላለች፣ ሲሰለቻት ዘንዶ ይመጣል።
እንደ ጎረቤት እወዳቸዋለሁ፤ ሰላም ብዬ የማልፋቸው።
ያንቺዎቹ ግን ቤቴ ያደሩ፣ ሳህን ያጠብሁላቸው ናቸው።

የአምስተኛው መጨረሻ ላይ፣ ኤይቪን መቅዘፊያውን አንስቶ ወጣ።
ማዕበል ነበር። ራግና ከመስኮቱ ቆማ፣ የፋኖሱን ብልጭታ ስትቆጥር፣
ሰባት ላይ ስትደርስ ጠፋ። መስመሩም አለቀ። ነጥብ። ጥቁር።
ሰባተኛው ቅጽ ሲጀምር ግን፣ ፀጉሯ ሸብቷል፤
ኮቱ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤
ጫፉ እርጥብ ነው።
እርጥብ! ማን ሰቀለው?

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ቅርፊት እየፋቅሁ፣ ስድስተኛውን እኔ ጻፍሁት፤
ያለ ወረቀት፤ አንዴ ኤይቪንን ወደ ሩቅ ደሴት ሰደድሁት፣
አንዴ ሌላ ሴት ሰጥቼው፣ በማግስቱ ተጸጽቼ ነጠቅሁት፣
አንዴ አሳመምሁት፤ አዳንሁት።
ባሌ የሞተ ዓመት ግን፣ ምንም አላደረግሁት፤
ከምድጃው ፊት አስቀምጬ፣ ዝም ብዬ አየሁት።

ባለፈው ሚያዝያ ሲቨርት፣ ገመዱን እንኳ ሳያስር ጠራኝ፤
በቅባት ጨርቅ የተጠቀለለ፣ አንድ ነገር አቀበለኝ።
ያ የማዶው ሽማግሌ፣ ቶርሌይፍ፣ ብቻውን የኖረ፣
ሞቶ ቤቱን ሲጠርጉ፣ ከትራሱ ሥር ነበረ።
አሥራ አንድ ዓመት! ረገምሁት።
የሞተ ሰው አይረገምም፤ ደግሜ ረገምሁት።

ገጽ ሁለት መቶ አራት ላይ፣ ጉንቮር፣ አሰጠምሽው።
ሦስት መስመር ነው የሰጠሽው።
እርሱን ባሕሩ አስቀረው፤ ኮቱን ለድንጋዩ መለሰው፤
ራግናም አንስታ ሰቀለችው፤ እንዳይደርቅባት፣ በየማታው፣
ጫፉን በጨው ውሃ ትነክራለች።
ቆንጆ ነው። ቆንጆ መሆኑ ነው ያናደደኝ።

ከመስመሮቹ ጎን በእርሳስ፣ ወረቀቱን እስኪበሳ፣
«አይሆንም» ተብሎ ተጽፏል።
ከዚያ ወዲያ ያሉት ገጾች እንደ አዲስ ተጣብቀዋል፤
ጣት አልነካቸውም።
ቶርሌይፍ ልጅ ነበረው ይላል ሲቨርት፤ በመረብ ጀልባ የወጣ።
ከዚያ በላይ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።
እርግማኔን ግን አነሳሁ፤ አንዱን፤ ሁለተኛውን ለማንሳት ጥቂት ቀን ፈጀብኝ።

ጨለማው ሊገባ ሲል፣ ጥሩንባው ሁለቴ ጮኸ።
«ጨረስሽው?» አለኝ ሲቨርት፣ ባልዲውን እያቀረበ።
«ገና ነኝ» አልሁት፤ «ትንሽ ይቆይልኝ።»
አየኝ። አልጻፈውም።

ፋብሪካው ውስጥ አዲስ ልጅ አለች፣ ቶሪል፤ ከጎኔ የምትቆም፤
አምስተኛውን ትናንት ጨርሳ፣ ዓይኗ ቀልቶ መጣች፤
ጓንቷን ገልብጣ አጥልቃ ዋለች።
«ስድስተኛውስ የት አለ? ፋኖሱ ጠፋ እኮ! ምን ሆነ?»

«ማዶ የወሰደው ሰው አልመለሰም» አልኋት።
ቢላዬን ሳልሁ፤ አንድ ዓሣ ከፈትሁ፤
«ሰባተኛውን ጀምሪ» አልሁ፤
«ከዚያ አንቺ ንገሪኝ፤ ኮቱን ማን ሰቀለው?»