ዳገት ጀመረች

ከምሽቱ አራት ሰዓት፣ አዳማ፣ ፍራንኮ ሰፈር፤
ቀን ሙሉ ፀሐይ የጠጣው ቆርቆሮ ሲተፋት ነበር።
ሚያዝያ ነው፤ ሠርግ በሠርግ ላይ ተደርቦ፣
የሦስት ሙሽራ ሚዜ በስልክ እኔን ከቦ።

ሙሽራዋ ከመኪና ልትወርድ፣ እግሯን አንስታ፣
እናቷ አፏን ከፍታ፣ ገና ሳይወጣ እልልታ፣
ድርግም።
ጥቁር ስክሪን። የራሴ ፊት። የላብ ጠብታ።
ዘጠና ስምንት ዲግሪ ነበር ቁጥሩ፤
ሶደሬ ቤቴ ድረስ መጣ በእግሩ።

በማግስቱ ሙዘይን ዘንድ፣ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ፣
ሁለት ካርቶን ከፍቶ፣ እንደ ደላላ ሲያግባባ፦
«ይሄ የአየር ነው» አለኝ፤ የብረት ሸንተረር፣ የብሎኬት ክብደት፣
ሁለት ፋን ግራና ቀኝ እንደ ዘበኛ የቆሙለት።
«ይሄ ደግሞ የውሃ!» ድምፁ ተለወጠ፣
የአማቹን ስም እንደሚጠራ ቀና ብሎ ተቀመጠ።
ሁለት ጥቁር ቱቦ፣ ፓምፑ ላይ መብራት፣
እንደ ሠርግ አዳራሽ ቀለም የሚፈራረቅበት።
«ዋጋው?» ስለው ጣሪያ ጣሪያ እያየ ዋለ፣
የሁለት ሠርግ ቀብድ ጠራና «ለአንቺ ስል ነው» ብሎ ማለ።

ሁለቱንም «አሳይቼ ልመልስ» ብዬ ይዤ ገባሁ።
አባቴ ድሪባ ፊያት ሲነዳ፣ አሰብ መንገድ ላይ ያረጀ፣
ዕድሜውን ራዲያተር በጀሪካን ሲያጠጣ የፈጀ፤
ዐይኑ ደክሟል አሁን፤ ጆሮው ግን አልደከመም፤
ቱቦውን ዳበሰና ለረጅም ጊዜ አልተናገረም።

«ውሃ» አለ፣ «ደግ ነው፤ ሙቀት ይሸከማል፣ አይቆጣም፣
እስኪያፈስ ድረስ። ሲያፈስ ግን አይጠራሽም፣ ደብዳቤ አያመጣም።
ሚሌ በረሃ ላይ ፓምፑ ዝም ብሎ ሞተብኝ፣
መርፌው ቀዩን ሲነካ ነው መርዶው የደረሰኝ።
ቮልስ ግን፣ ያቺ ጎባጣ፣ ውሃ ጠጥታ አታውቅም፤
እየጮኸች ትሄዳለች እንጂ በዝምታ አትወድቅም።»

«ግን አባዬ፣ የውሃው ጸጥ ያለ ነው፤ ደግሞ ያምራል።»
«ይመር! ያን ሙቀት ተሸክሞ የት ያደርሰዋል?»
ዝም አልኩ።
«ራዲያተሩ ፊት የቆመው ምንድን ነው? ፋን አይደል?
ዞሮ ዞሮ ውሃም ቢሆን ዕዳው ለነፋስ ነው የሚከፈል።»

በረንዳ ወጣሁ።
ኮረብታው ላይ እነዚያ ነጫጭ ባለ ሦስት ክንፎች፣
በጨለማ ቀይ ዐይን የሚጠቅሱ ረጃጅም ፍጥረቶች፣
ይዞራሉ። ለከተማው መብራት ከነፋስ ይለቅማሉ፤
ማሽኔን የሚያሞቋት እነሱ፣ የሚያበርዷትም እነሱ ይሆናሉ።

ነፋስ ሞልቶናል፤ ውሃ በፈረቃ ነው፣ በሳምንት ሁለቴ።
(ቱቦው ውስጥ ያለው የታሸገ ነው፣ ዐውቃለሁ፣ አትሳቁ፤
ባዶ በርሜል እያየሁ ውሃ መግዛት እምቢ አለ አንጀቴ።)
ነፋሳችንም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ ልመስክር፤
አቧራ አዝሎ ነው የሚመጣው፣ ከጫማ እስከ ከንፈር።
ማሽኗን ስፈታ ያገኘሁት ያ ግራጫ ጥቅልል፣
ግማሽ አዳማ እኔ ጋ ተከራይቷል ያሰኛል።

የአየሩን ገዛሁ።
በተረፈው ብር የቀለም ብሩሽ፣ አንድ ስስ ስቶኪንግ፤
እግሬ ላይ ሳይሆን ፊቷ ላይ ወጠርኩት፣ አቧራ እንዲያጣራላት፤
ቅዳሜ ጠዋት ደጅ አውጥቼ፣ ጎረቤት እያየኝ፣ አራግፋታለሁ እንደ ምንጣፍ፣ እንደ ፍራሽ፣ እንደማደርጋት።
አልዋሽም፤ ያ የሚፈራረቅ መብራት አሁንም ዐይኔ ላይ አለ፤
ሙዘይንም ሲያገኘኝ ይስቃል፣ «ነፋስ ገዢዋ መጣች» እያለ።

ትናንት ሌሊት ሙሽራዋን ከቀረችበት አስነሳኋት፤
እግሯ መሬት ነካ፤ እናቷ እልልታዋን ለቀቀችላት።
ሰባ አንድ። ሰባ አራት። ፋኖቹ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።
አባቴ ወንበሩ ላይ፣ ዐይኑ ተከድኖ፣ እግሮቹ ፍሪሲዮን እየፈለጉ፣
«ዳገት ጀመረች?» አለኝ።
«አዎ፣ አባዬ።»
«ተያት። ድምፅ እስካላት ትወጣዋለች።»