የቀለም ማመልከቻ

ፍሪስላንድ፣ ሰማዩ ዝቅ ብሎ መስክ በሚነካበት፣
ከቦይ ዳር በቆመች ጣሪያዋ በቀላ ቤት፣
ቼርድ የሚሉት ሰው፣ ጡረተኛ ፖስተኛ፣
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በወጉ ያልተኛ
አንዲት ቀለም ፍለጋ፤
እንቁላል ሲቆጥር ከክረምት እስከ በጋ።

አመድ አይደለችም፣ ግን የአመድ ዘመድ፤
ጭጋግ ከውሃው ላይ ተነሥቶ ሲሄድ፤
የላባዋ ጠርዝ ማር የነካው ክር፣
ፀሐይ ስትወጣ ብቻ የሚናገር።

በእኛ አፍ ቢሆን ኖሮ ጣጣ የለው ነገሩ፤
ገብስማ፣ ወሰራ፣ ዛጎልማ ብለው ይጠሩ፤
ያየ ሰው ይሰይማል፣ ገበያ ያጸድቃል፤
እዚያ ግን ቀለም በማመልከቻ ይጠየቃል፤
ሦስት ገጽ ቅጽ፣ ፊርማ፣ የዘር ሐረግ፣
እንደ መኳንንት ልጅ የአያቷ ማዕረግ።

ሚስቱ ሂልትዬ ናት መዝገብ ያዧ፣ በእርሳስ፤
ማን ከማን እንደ ወጣ፣ ማን እንደ ሞተ በነፋስ፤
በኩሽና ጠረጴዛ፣ ቅቤ በነካው ደብተር፣
የቀበሮውን ስርቆት ሳይቀር በሰዓቱ ስትዘረዝር።

በመጀመሪያው ዓመት ዳኛው ክንፏን ዘርግቶ
አንዲት ነጭ ላባ ከሥር አግኝቶ
«ቆንጆ ናት» አለና ሰረዛት በቀይ።
በሁለተኛው፦ «እግሯ ቢጫ ነው፣ እይ!»
በሦስተኛው ምንም እንከን አልነበረ፤
ዳኛው መነጽሩን አውልቆ ተናገረ፦
«አንድ ሰው ብቻ ሲያረባው አጋጣሚ ነው፤
ሌላም ሰው ያርባና እንደ እናቷ ትውጣ፣ ያኔ ነው የምናምነው።»

ሌላ ሰው።
ከቦዩ ማዶ ሲብረን አለ፣
በአንዲት የድልድይ ሳንቃ ከቼርድ የተጣላ፣ ያኮረፈ፣ የዋለ፤
ዘጠኝ ዓመት ደኅና አደርህ ያልተባባሉ፣
በረዶ ሲጠርጉ ጀርባ የሚሰጣጡ፣ ጎረቤት የሚባሉ።

ቼርድ ሦስት ሌሊት ከትዕቢቱ ጋር ተማከረ።
በአራተኛው ማለዳ በዳቦ ቅርጫት ደረደረ
ዐሥራ ሁለት እንቁላል፣ በሱፍ ካልሲ ጠቅልሎ፤
በዚያችው ሳንቃ ላይ ተሻገረ፣ ቀስ ብሎ።
«እንዲያው…» አለ። ሲብረን ቅርጫቱን አየ።
አንዱን አንሥቶ በመስኮት ብርሃን ለየ።
«ትኩስ ናቸው?» «የትናንት።» «እንግዲህ ግባ፣
ነፋስ አለ።» ከዚያ ወሬው ሁሉ ላባ።

በሁለተኛው ታኅሣሥ፣ በሰፊው አዳራሽ፣
በሺህ አውራ ዶሮ ጩኸት መሐል፣ ነጭ ካፖርት ለባሽ
ሦስት ዳኞች መጡ።
አንዱ ላባዋን እንደ ገጽ ገላለጠ፤
አንዱ እግሯን ይዞ ጥፍሯን አገላበጠ፤
ሦስተኛው ግን ራቅ ብሎ ቆመ ለብቻ፣
ሥዕል እንደሚገዛ ሰው ዐይኑን አጥብቦ ብቻ።
ሂልትዬ እርሳሷን ነከሰች።
ዶሮዋ (ክብር የት ታውቃለች!) ተቁነጠነጠች፣
በታኅሣሥ ብርድ፣ በሦስቱ ፊት፣ እንቁላል ጣለች።

ማኅተሙ ወረደ። ከቅጹ ግርጌ አንድ ባዶ መስመር፦
«የቀለሙ ስም።» ቼርድ እስክሪብቶውን ሲያነሣ፣ ሲያኖር፤
ደብተሩ ተገለጠ፤ ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ገጽ ሙሉ
«ያቺ» ነው የሚለው፤ «ያቺ ታመመች»፣ «ያቺ ጣለች» በሙሉ።
ሲብረን ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ዝቅ አድርጎ
«የሳንቃ ግራጫ» አለ፣ ጣሪያውን ፈልጎ።

ቼርድ ዞር አላለም።
ጻፈው።

በመጋቢት ከተፈለፈሉት ግማሾቹ ጥቁር ወጡ፤
ማኅተም ያላነበቡ፣ ለደንብ ያልተቀጡ፤
ሂልትዬም ጻፈቻቸው፣ በእርሳስ፣ አንድ በአንድ።

ሳንቃዋን ግን እስካሁን ማንም አላደሳትም።
የበሰበሰውን ጫፍ ያውቁታል ሁለቱም፤
እየዘለሉት ይሄዳሉ።