ይህ ካርድ ተኝቶ ያውቃል?

ነሐሴ ነበረ፣ ማኒላ ሲዘንብ፣
ጊልሞር ጎዳና ላይ ጎርፉ ጫማ ሲስብ፤
ባቡሩ ከላያችን በድልድዩ ሲያጓራ
ከሱቄ ደረሰች ልጅቱ ዳያናራ።

ዣንጥላ የላትም፤ በላስቲክ ጠቅልላ
የብስኩት ቆርቆሮ ሸጉጣ በብብቷ፣
በሌላው እጇ ላይ አንዲት ቀይ ክር ብቻ፣
ጫፏ የተቋጠረች፣ የስፌት፣ የእናቷ።

«ማንግ ኤርኒ፣» አለችኝ፣ «ግራፊክስ ካርድ ነበር።»
«የትኛው?» ብላት ዝም። የመስታወቱን ዳር
በጣቷ እየዳሰሰች ታነባለች ዋጋ፤
ልጅ ናት፣ አሥራ ስድስት፣ ዐይኗ የሚወጋ።

የመጀመሪያ ኮምፒውተሩን ሊገጥም የመጣ ሰው
ገና ከበር ሲገባ ዐይኔ ነው የሚለየው፤
ወደ ላይ ያንጋጥጣል ትልቁን ፍለጋ፣
ስለ ዋት አይጠይቅ፣ ስለ ሙቀት አይሰጋ፤
ይከፍላል፣ ይወስዳል፤ ሳምንት ሳይሞላው
«አልበራም አለኝ» ሲል ከደጄ ነው የማገኘው።

እሷም አንጋጠጠች። ባለ ሦስት ማራገቢያ
ጥቁር፣ ከባድ ካርድ፣ ከላይ መደርደሪያ።
አወረድኩላት። ክሯን በጀርባው ዘረጋች፤
ክሩ አለቀ፣ ካርዱ ግን ቀረ፤ ትርፉን አንድ ጣት ለካች።
«የኬዜ ሆድ ይኼው ነው፣» አለች፣ «ክር አይዋሽም፤
ወንድሜ ከተጣለ ዕቃ ነው ያነሣው፤ ሌላ የለኝም።»

እኔ ደግሞ ሰው ነኝ፣ ኪራይ ያለብኝ ሰው።
«ምን ችግር አለ?» አልኳት፣ «ብረቱን በጉጠት ቆርጦ ማስገባት ነው።»

መልስ አልሰጠችኝም። ካርዱን አነሣችው፣
ጣቃ እንደሚመርጥ ሰው ቀርባ አሸተተችው፣
ቀና ብላም አየችኝ፦
«ማንግ ኤርኒ፣ ይህ ካርድ ተኝቶ ያውቃል?»

ተኝቶ! በካቪቴ፣ በአንድ ሰው ጋራዥ ውስጥ፣
ከአምስት ወንድሞቹ ጋር ብረት ላይ መቀመጥ፣
ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቀን አይል ሌት አይል፣
የማይጨበጥ ሳንቲም ሲቆፍር፣ ሲግል፤
ሥዕል ሊሥል ተሠርቶ ስክሪን ሳይሰጡት
አንድ ሣር፣ አንድ ጥላ ሳይሥል አደከሙት።
እኔም ሰኞ ዕለት በብሩሽ፣ በአልኮል
አጠብኩት፣ ፓስታውን ቀየርኩት፣ አዲስ ነው ሊባል።

ባቡር አለፈ። ለአንዲት ውሸት የሚበቃ
ጫጫታ ሰጠኝ። ጠበቅኩ፣ ድምፁ እስኪያበቃ።
«አያውቅም፣» አልኳት።
«እንደ እማዬ፣» አለች።
ሌላ አልጨመረችም።

«ፓወር ሰፕላይሽስ?» ከኪሷ ወረቀት፣
አራት መቶ ዋት፣ በእርሳስ የተጻፈበት።
«ስክሪኑስ?» «አሮጌ፣ የቢሮ፣ ትንሽዬ።»
«ለአንድ ኩባያ ውሃ ጉድጓድ አይማስም፣» ብዬ
ከሥር መሳቢያዬ ትንሿን አወጣሁ፤
አንድ የባንክ ጸሐፊ ሠንጠረዥ ሲያይባት የኖረች፣
ተጨማሪ ገመድ የማትጠይቅ፣
ክሩን ስንዘረጋው ስንዝር ያስተረፈች።

«ደካማ ናት፣» አልኳት፤ ዛሬ ከዋሸሁ ላይቀር
መዋሸቴን ትቼ። «ሁሉን ከፍ አታደርጊም።
ጥላውን ቀንሺ፤
ሣሩን አሳሺ፤
መንገዱ ይታይሻል።»

ቆርቆሮው ተከፈተ። አንድ ቁልፍ ሸሚዝ ላይ
ስትተክል የሚከፈላት አንድ ፔሶ ነው፤
አምስት ሺህ ሁለት መቶ ቁልፍ ቆጠርነው
እስኪመሽ። እኔ ሁለቴ ተሳሳትኩ፣ እሷ አንዴም።
ቅናሽ አልጠየቀች፤ ደረሰኝ ግን፣ ከነማኅተሙ።

«ምን ልትጫወቺ ነው?» አልኳት ስሸኛት።
«የጭነት መኪና ልነዳ፣» አለች፣ «በረዶ ባለበት አገር፣
ማንም በሌለበት መንገድ፣ ቀስ ብዬ።»
ካርዷን ከሸሚዟ ሥር አስገብታ፣ ባዶውን ቆርቆሮ
እንደ ባርኔጣ ደፍታ፣ ጎርፉን ተሻገረች።

ማታ ሱቅ ስዘጋ ትልቁን አወረድኩት፣
ዋጋውን ቀንሼ «ሌሊት የሠራ» ብዬ ጻፍኩበት፣
ሳጥኑ ውስጥ አስተኛሁት።
እስካሁን አልተሸጠም።