በቀይ ያልተጻፈች ቀን

የባንኩ ካሌንደር በግድግዳዬ ላይ
ይህቺን ቀን አያውቃት፣ አልጻፋትም በቀይ።
ደወል አይደወልላት፣ አዛን አይጣራላት፣
ከሥራ የሚያስቀር የፈቃድ ወረቀት የላት።
የምትመጣው ጥር ሲያልቅ ነው፣ የካቲት ሲጠጋ፣
አዌቱ በጅማ መሀል ጎድሎ ሲተኛ በድንጋይ አልጋ፣
የመንደራ አቧራ ባጃጄን ሲቀድም፣
ስለ ዝናብ የሚያወራ ሲጠፋ፣ አንድም።

ያሳየችኝ ጎረቤቴ እትዬ ጀማነሽ ናት፤
ሠላሳ ዓመት በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ቤት
የወለደችም የሞተም የተኛበትን ጨርቅ
በአንድ በረኪና የነከረች፣ ሳትመርጥ፣ ሳትጠይቅ።
«ስሙ ማነው በዓሉ?» ብዬ ጠየቅኋት አንዴ።
«ስም ካወጣህለት ድግስ ይልሃል፤ አለህ እንዴ?»

መጀመሪያ ጥራጊ ነው። ደጁን ማንም ይጠርጋል፤
ጉዳዩ ከአልጋ ሥር ነው፣ የከረመው እዚያ ይገኛል፦
ያንድ እግር ካልሲ፣ የጠፋ ቁልፍ፣ የዕቁብ ደረሰኝ፣
ጀምሬ የተውኩት የቅያሜ ደብዳቤ፣ ያሳፈረኝ።
ፍራሹ ፀሐይ ይወጣል፣ በዱላ ይገረፋል፤
አቧራው ተነሥቶ፣ ዞሮ፣ የሰው ልብስ ላይ ያርፋል።

ቀጥሎ ደንገል። ከቦዬ ረግረግ ዳር ሦስት ዘለላ፣
ጣት እንደታዘዘው መግመድ፣ ማጠፍ፣ ማዞር ወደ ኋላ።
የእኔው መስቀል አይባል፣ ጨረቃ አይባል፤
«የባጃጅ ጎማ ነው» አለች። «እሱም ይሰቀላል።»

ማታ አምፖል ይጠፋል። በዚህ በኩል ችግር የለብንም፤
መብራት ኃይል ያከብርልናል፣ ቀኑንም አይስትም።
ሰፈሩ «ሄደ!» ሲል፣ እኛ ዝም ብለን
አንዲት ቀጭን ሻማ እንለኩሳለን።
በየክፍሉ ትዞራለች። የእኔ ቤት አንድ ክፍል፤ ቶሎ አለቀ።
«ማዕዘኖቹን አሳያቸው፣ የቱም እንዳይደበቅ።»
አራቱንም አዞርኳት፤ ባንደኛው ሸረሪት ነበረች፤
እሷም አየች።

ወተት ግማሽ ብርጭቆ፦ ጥቂቱ ለአፍ፣ የቀረው ለመሬት።
ድመቷ ከመሬት ትቀድማለች። «ተዋት፣
እሷም የመሬት ናት።»
በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን፣ ከሰፈር በተዛቀ አፈር፣
ሁለት የዱባ ፍሬ፣ የጣት አንጓ ያህል መቅበር።

መጨረሻ ሻሽ ነው።
ነጩ ሻሽ አጥር ላይ ተዘርግቶ ያድራል፣
ጤዛ ካለ ጤዛ፣ ከሌለ ጨለማ ይጠጣል፤
ጠዋት ራሱን ባመመው ሰው ግንባር ይታሰራል።
«ያድናል?» ብያት ነበር።
«እኔ ያጠብኩት አንሶላ ማንን አዳነ?» አለች።
«ግን ንጹሕ ላይ መተኛት ደግ ነው።»

ባለፈው ነሐሴ ሞተች።
ሻሹን ልጇ ከአጋሮ መጥታ ሰጠችኝ፣
አራት ታጥፎ፣ በፌስታል።

ዘንድሮ ብቻዬን ጠረግሁ። ብቻዬን ገመድሁ።
ሻማውን ለአራቱ ማዕዘን አሳየሁ፤ ሸረሪቷ የለችም።
ሻሹን አጥሩ ላይ ዘረጋሁና
እንደ ሰው «ደህና እደሪ» ብዬው ተኛሁ።

ሲነጋ አጥሩ ባዶ።
ሌባ! አልኩ። ነፋስ! አልኩ።
የጋራዡን ቆርቆሮ ጀርባ፣ የቦዩን ዳር፣ የወፍጮ ቤቱን ደጅ፣
በሦስት ጎማ እንጂ በእግሬ የማላውቀውን ሰፈር ዞርኩት።

የሙዲንን ልጅ ሱመያን አገኘኋት፣
ጭድ ላይ ቁጭ ብላ፣ ጭኗ ላይ አንድ ነገር ይርገበገባል፦
ሌሊት የተወለደ የፍየል ግልገል፣
ጆሮው ከአንገቱ የተጣበቀ፣ ስም ያልወጣለት፣
በጀማነሽ ሻሽ የተጠቀለለ።
«በርዶት ነበር» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት።
እናቲቱ ግቷ ተወጥሮ ታየናለች።
ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር፤
«ጤዛ ነበረው?» የሚል ወጣ።
ሱመያ ዳበሰችው። አሰበች።
«አሁን አለው።»

ሦስት ጊዜ አጠብኩት፣ በበረኪና፣ እንደ ሙያዋ።
የፍየሉ ሽታ አልለቀቀም።
ከዱባዎቹ አንዱ ወጥቷል፤ ሌላውን አላውቅም።
ለከርሞም ሻሹ ከነሽታው
ይሰቀላል።