ከቆጪ እስከ ኮቺ

ዓይኔን ሞራ ጋርዶት ቀኑ እየጨለመ፣
የሰው ላም ባጃጅ መስሎኝ እጄ እያስቆመ፣
ሉባባ ጊደሯን፣ የወርቅ ሐብሏን ሸጣ፣
የልጃችንም ብር በባንክ በኩል መጣ።
ከቆጪ ተነስተን፣ ጅማን ተሰናብተን፣
ሁለት ሰማይ አልፈን፣ ሦስቴ ተፈትሸን፣
ኮቺ ገባችሁ አሉን፣ ሕንድ አገር፣ ባሕር ዳር።
«ወይ ጉድ! ከቆጪ ቆጪ!» አለች ሉባባ ስቃ፣
ሻንጣውን በገመድ እንደ ዶሮ አንቃ።

ሐኪሙ ዓይኔን ሠርቶ በነጭ ጨርቅ አሰረኝ፣
«ዐሥር ቀን አትጎንበስ፣ ከባድ አታንሣ» አለኝ።
በአንድ ዓይን አገር ሳይ ግማሽ ነው ያየሁት፣
ሌላውን ግማሹን በምላሴ ሞላሁት።

ሩዝ በሙዝ ቅጠል ላይ ዘርግፈው አመጡ፣
ሳህን ስንጠብቅ ነው ሌሎች በልተው የወጡ።
ዓሣው በኮኮናት፣ ቃሪያው በሰናፍጭ ዘር፣
እንባ ያወርዳል፤ ሐኪሜ ግን
ማልቀስ ከልክሎኝ ነበር።

በሰባተኛው ቀን፣ ወደቡ አጠገብ፣ ካንዲት ደሳሳ ቤት፣
ሴትዮዋ ድስት ስትከፍት ወጣ እንፋሎት።
ሉባባ ዝም አለች። እጇ ጉልበቴ ላይ ቀረ።
(ሠላሳ ስድስት ዓመት አብሬያት ስኖር
ይህን ዝምታ አላውቀውም ነበረ።)

ጎደሬ ነው። ጎደሬ!
ከነልጣጩ የተቀቀለ፣
ጎኑ ላይ የተወቀጠ ቃሪያ፣ ቀይ ሽንኩርት ያለ።
እኛ ጋ ስሙ እንኳ ጮክ ተብሎ የማይጠራ፣
እንግዳ ሲመጣ ድስቱ የሚሸሸግ፣
ከአልጋ ሥር፣ ከአሮጌ ጫማ ጋራ።

ላጠችው። ሳታበርድ በላች።
ሁለተኛም ላጠች።
ከዚያ፣ እኔን ሳታይ፣ መርከቦቹን እያየች፦

«የሰቃ ልጅ መሆኔን ታውቃለህ።
አንዱን ክረምት ግን አልነገርኩህም።
አባቴ በሰኔ ሞተ፤ በሬው ተሸጠ፤
ነሐሴን በሙሉ ጓሮ ቆፍረን ይህን በላን።
እንጨቱ እርጥብ ነው፤ በደንብ ሳይበስል ይወጣል፤
ጉሮሯችንን ሲያሳክከን ያድራል።
ትምህርት ቤት ‹ጎደሬ› ነበር ስሜ።
ሽማግሌ ስትልክብን፣
‹ልጅቱ ምን በልታ አደገች?› ቢሉ፣
እናቴ ‹ማርና ወተት› አለች።
እኔም አላረምኳትም።»

ምን ልበላት? ሌላ ቅጠል አዘዝኩ፣
ባልታሰረው ዓይኔ ሚስቴን እንደ አዲስ ተዋወቅኩ።
ሒሳቡ ሲመጣ ወረቀቱን ገለባብጣ፣
«በዚህ ዋጋማ እናቴ ቪላ ትሠራ ነበር!» አለች፣
ከሳቋ መሃል እንባዋ መጣ።
(እሷን የከለከለ ሐኪም የለም።)

አሁን ጅማ ነን። ሁለቱም ዓይኔ ያያል፤
ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ይዞን ይዞራል።
ስልሳ ዓመት ያለፍኩበት ጉሊት ፊት
እንደ ቱሪስት እቆማለሁ፦
«ይህ ምንድን ነው? ይህስ?»
ባለጉሊቷ «ሰውየው ታመመ እንዴ?» ትላታለች ሉባባን።
ጥምዙን አሸተትን። ከዳውሮ የመጣ ዳጣ አቃጠለን።
የጌራ ነጭ ማር በጣቴ ቀመስኩና
ለካ ነጭ ሆኖም ጫካ ጫካ ይላል!
ቦይና ገዛን፣ የዝሆን እግር የሚያህል፤
ባጃጁ ለእሱም ሒሳብ ጠየቀን።

ባለፈው እሑድ ታላቄ፣ እህቴ ሲቲና መጣች፤
ቤታችን ሽማግሌ ያስላከች፣ ዘር ያስቆጠረች፣
ስለ ማርና ወተቱ እስከ ዛሬ የምታወራ።
ሉባባ የሙዝ ቅጠል አነጠፈች።
«ሳህን የለም እንዴ?» አለች ሲቲና።
ድስቱ መሃል ተቀመጠ፤ ክዳኑ ተነሣ።
«የሕንድ ምግብ ነው» አልኩ እኔ፣
ፈሪው።

ሲቲና አላየችኝም። አንዱን አነሣች፤
ማንም ሳያሳያት፣
በአውራ ጣቷ ጫፉን ጫን፣
ልጣጩ እንደ ካልሲ ወለቀ፣ ባንዴ።

«ደስ ይላል» አለች፣ «የሕንድ ነገር»።

ሉባባ አየችኝ።
እኔ የእህቴን አውራ ጣት አየሁ፣
በሁለቱም ዓይኔ።