የአንገረብ መዝገብ

እኔ ልክ አንባቢ ነኝ፤ ሥራዬ ቁጥር ነው፤
ዘንጉን አይቼ ነው መዝገብ የምሞላው።
ቀይና ነጭ ቀለም የተለቀለቀ፣
ከግድቡ ጥግ ላይ ቁልቁል የጠለቀ።
ዘንድሮ ግን ዘንጉ ራቁቱን ቀረ፤
እግሩ ሥር ዝቃጩ በፀሐይ አረረ።
ከዜሮ በታች ምን ተብሎ ይጻፋል?
መዝገቡ ቤት የለው፣ እስክሪብቶው ይቆማል።
ጫማዬን አውልቄ ወረድኩኝ ቁልቁለት፣
ሃያ ዓመት ሳነበው ወዳልረገጥኩበት።

ገደሉ ወገብ ላይ ነጭ መቀነት አለ፣
ውሃው «ነበርኩ እዚህ» ብሎ ፈርሞ የጣለ።
ከመቀነቱ ሥር ዓለቱ ገርጥቷል፣
ከአልጋ የተነሣ በሽተኛ መስሏል።
ሽታው ደስ አይልም፤ ዓሣ፣ ጭቃ፣ ገመድ፣
አንድ እግር ኮንጎ ጫማ፣ ውሃ የዋጠው ግንድ።
ስንጥቁ ውስጥ ጣቴን ብሰደው ቀዘቀዘኝ፤
የሞተ መስሎኝ ነው፤ እርጥበት ጠበቀኝ።

መጀመሪያ ሰርዶ፣ ያለ ፈቃድ መጣ፤
በስንጥቁ አፍ ላይ ተሳበ፣ ወጣ ወጣ።
ከሰርዶ ቄጤማ፣ ከቄጤማ መቅመቆ፣
ጭቃው መሬት ሆነ፣ ሥር ከሥር ተጣብቆ።
ዳክዬዎቹ ሄዱ። ቅር ብሎኛል፣ አዎ።
ሽኮኮ ግን መጣ ከገደሉ ጎሬ፤
እኔን እንደ እንግዳ ገላመጠኝ ዛሬ።
አንድ ቀን ደግሞ፣ ከቋጥኙ ጥላ፣
ወይራ። ሁለት ቅጠል። ጣት እንኳ የማትሞላ።
ማን ተከላት ልበል? ወፍ ነዋ የጣላት፤
ወፍ በጀት አይጠይቅ፣ ሪፖርት የለባት።

ላይ ከተማው ደግሞ ሌላ ወሬ አለው፤
ማራኪም፣ አራዳም፣ ቢጫ ጀሪካን ነው።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰልፍ፣ ከዚያም ጠብ፣
ቦቴ መጣ ሲሉ ሕዝቡ ግር፣ ርግብግብ።
አንጓች፣ ባለቤቴ፣ ባልዲዋን አስቀምጣ፦
«ልጅህ ፊቱን ሳይታጠብ ትምህርት ቤት ወጣ።
አንተ ሣር በቀለ ትለኛለህ። ደስ ይበልህ።»
እውነቷን ነው። ምን ይባላል?
ሰው የጠማው ለታ ሸለቆ ሲድን ማየት
ሳቅ ይዞ መግባት ነው፣ የሰው ለቅሶ ቤት።

አያ ጓንጉል መጡ ረፋድ ላይ፣ በዱላ፤
ማሳቸው እዚህ ነው፣ ከዚች ሾላ ኋላ።
ሾላዋ ደርቃለች፤ ግንዷ ቆሟል ጠቁሮ፤
ዞሯት፣ ዳበሷትና፦
«አይነጥፌ ነበረች፣ እዚችው ሥር፣ ድሮ።»
አይነጥፌ ምንጭ ናት። ተንበረከኩና
ጭቃውን በእጃቸው ጫሩት፣ ጫሩትና
ቆሙ።
ጠበቅን።
አረፋ። ከዚያ ድፍርስ። ከዚያ ጥርት ያለ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ከውሃ በታች ውሃ
ስታፈልቅ ኖራለች፣ በዚያ ጽልመት በረሃ፤
ማንም ሳይቀዳላት፣ ማንም ሳያመሰግናት።

«ያርሱታል?» አልኳቸው። ድንበር ድንጋዩ ላይ
ቁጭ ብለው ቀና አሉ፣ በደምቢያ በኩል፣ ወደ ሰማይ።
«ክረምት አለ» አሉኝ። «ግድቡም ይሞላል።
ይሙላ። ልጅ ይጠጣ።» አሉና ዓይናቸው
ወይራዋ ላይ ቀረ፤ ጠፋ ቀሪው ቃላቸው።

መዝገቤ አራት ዓምድ አለው፦ ቀን፣ ልክ፣ ፊርማ፤
የመጨረሻው «አስተያየት» ይላል፣
ሃያ ዓመት ጽፌበት አላውቅም።
ዛሬ፣ ግንቦት አሥራ ዘጠኝ፣
«ልክ» ከሚለው ሥር ሰረዝ አደረግሁ።
«አስተያየት» ከሚለው ሥር፦
ሽኮኮ፣ ሁለት። መቅመቆ፣ ብዙ። አይነጥፌ፣ አለች።
ወይራ —
የልጄን ማስመሪያ ከኪሴ አውጥቼ ጎንበስ አልኩ፤
ስምንት ሳንቲ ሜትር።
ባለፈው ሳምንት ሰባት ነበረች።
ደመናው ከበላዬ አንዴ አጉረመረመ፤
ፈረምኩ፣ ወረቀቱ ሳይረጥብ።